የቶቺኖሺን ተረከዝ፦ ዳኞቹ ልክ ነበሩ?

ጃኖሜ

በሱሞ፣ በጃፓኑ ትግል፣ ተመልካቾች ዘንድ ዓመታት አልፈውም ያልበረደ ክርክር አለ። በየውድድሩ ወሬ መሃል እየገባ ሌላውን ጨዋታ ስለሚያቋርጥ ለብቻው ቦታ ቢሰጠው ይሻላል። ዓመትና ወር የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የ2019 የግንቦት ውድድር፣ 13ኛ ቀን፣ ቶኪዮ፣ ርዮጎኩ ኮኩጊካን አዳራሽ። በአንድ ወገን ከሁለተኛው ከፍተኛ ማዕረግ፣ ከኦዜኪነት፣ ወርዶ ከሱ በታች ባለው በሴኪዋኬነት የሚፋለመው ጆርጂያዊው ቶቺኖሺን፣ በሌላው ወገን ዝቅ ባለው የማኤጋሺራ ማዕረግ 8ኛ ላይ የተመደበው አሳኖያማ። አሳኖያማ ገፍቶ ገፍቶ ዳር አደረሰው። ቶቺኖሺን ጠርዙ ላይ ተንጠልጥሎ ጠምዝዞ ጣለው። የመሃል ዳኛው፣ ማለትም ጊዮጂው፣ ማራገቢያውን ወደ ቶቺኖሺን ወገን ቀሰረ። ወዲያው ከመድረኩ ሥር ካሉት ዳኞች ተቃውሞ ተነሣ። ምክክሩ 6 ደቂቃ ያህል ፈጀ። በመጨረሻ የቶቺኖሺን ቀኝ ተረከዝ ቀድሞ ወጥቷል ተባለና ውሳኔው ተገለበጠ፤ ድሉ ለአሳኖያማ ሆነ።

ከኦዜኪነት የወረደ ሰው በሚቀጥለው ውድድር 10 ድል ካስመዘገበ ማዕረጉ ይመለስለታል፤ ቶቺኖሺን በዚያ ቀን በእጁ የነበረው 9 ነበር። አሳኖያማ ደግሞ በዚያ ድል 11 ለ 2 (11 ድል፣ 2 ሽንፈት) ሆነ። ቢሸነፍ ኖሮ 10 ለ 3 ሆኖ የመጨረሻውን ከፍተኛ ማዕረግ ከያዘው ከዮኮዙናው ካኩርዩ ጋር እኩል ይቆም ነበር። አንድ ተረከዝ የአንዱን ማዕረግና የሌላውን ዋንጫ ይዞ ነበር ማለት ነው።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ተረከዙ አሸዋውን ለመንካቱ በቂ ማስረጃ ነበር ወይ? በቂ ካልነበረስ የመሃል ዳኛው ፍርድ መጽናት አልነበረበትም?

አራተኛው ወንበር

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ። ከመሬቱ እንጀምር።

ክቡ ከዳር እስከ ዳር 4.55 ሜትር ነው። ጠርዙን የሚሠሩት አፈር የተጠቀጠቀባቸው የገለባ ጥቅሎች፣ ታዋራ የሚባሉት፣ 20 ናቸው። 16ቱ በክቡ መስመር ላይ ተቀብረዋል፤ 4ቱ ግን በአራቱ አቅጣጫ፣ አንድ አንድ ሆነው፣ የጥቅሉን ውፍረት ያህል ወደ ውጭ ፈቀቅ ብለዋል። ቶኩዳዋራ ይባላሉ። ወደ ኋላ የሚገፋ ሰው ዕድል ቀንቶት እዚያ ላይ ከደረሰ ያችን ውፍረት ያህል ትርፍ ቦታ ያገኛል፤ ለዚህ ነው አንዳንዱ በአንድ ቦታ ቀጥ ብሎ ቆሞ የሚተርፈው፣ ሌላው በዚያው ርቀት የሚወጣው።

ከጠርዙ ውጭ ዙሪያውን 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ደቃቅ አሸዋ ይነሰነሳል። ስሙ ጃኖሜ ነው፤ የእባብ ዓይን ማለት ነው (ይህን ውይይት የከፈተው ሰው ስም ከዚህ የመጣ መሰለኝ)። ዮቢዳሺዎቹ፣ ስም ጠሪዎቹና መድረክ አሰናጆቹ፣ በመጥረጊያ ደጋግመው ያለሰልሱታል። ሥራው ዱካ መያዝ ብቻ ነው።

ሕጉ እንዲህ ነው፦ ጥቅሉ ላይ መቆም መውጣት አይደለም። እግር ከጥቅሉ አልፎ አየር ላይ ቢንጠለጠልም መውጣት አይደለም። የተረከዙ ጫፍ አሸዋውን በጥቂቱ ቢዳስስ ግን ያው ሽንፈት ነው። በቶቺኖሺን ጉዳይ የተከራከርነው ስለዚች ስለ መጨረሻዋ ነጥብ ነው።

የሚያበላሸው ነገር ደግሞ ይህ ነው። በዳር ላይ ውርወራ ጊዜ ሁለቱም ሰዎች የሚወድቁት በዚያው አሸዋ ላይ ነው። 170 ኪሎ የሚመዝን ሰው ጃኖሜው ላይ ከተንከባለለ በኋላ የተረከዝ ጭረት ቢፈለግ አይገኝም፤ ቢገኝም የማን እንደሆነና መቼ እንደተጫረ አሸዋው አይናገርም። ስለዚህ ዱካ የሚረዳው ሰውየው ከወጣበት ርቆ ሲወድቅ ነው።

ተረከዝ

ቪዲዮውን በዝግታ እያቆምኩ አይቼዋለሁ፤ ተረከዙ ከአሸዋው በላይ ነው የሚታየኝ። አንድም ብናኝ አልተነሣም። ደቃቅ አሸዋ ሲነካ ትንሽ ጭስ የመሰለ ነገር ይነሣል፤ እዚያ የለም። አምስት ሰው 6 ደቂቃ ሙሉ መክሮ መወሰን ካቃተው የመጀመሪያው ፍርድ ይጽና ማለት ነበረበት።

ጨው በታኝ

ወንድሜ ተረከዝ፣ በቪዲዮ ላይ የምትተማመነውን ያህል አትተማመን። ካሜራው ያለው ከመድረኩ ራቅ ብሎ፣ ከፍ ብሎ ነው። ከላይ ወደ ታች በሚያይ ካሜራ አሸዋውን የነካ ተረከዝና አንድ ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ተረከዝ አንድ ይመስላሉ። የሚለያቸው ጥላው ነው፤ ጥላው ከተረከዙ ጋር ከተገናኘ ነክቷል፣ በመሃል ቀጭን ብርሃን ካለ አልነካም። የኮኩጊካን መብራት ግን ከብዙ አቅጣጫ ስለሚወርድ ጥላው የደበዘዘ ነው።

ቪዲዮ ወደ ሱሞ የገባበትን ታሪክ ማወቅም ይጠቅማል። መጋቢት 1969፣ ኦሳካ፣ 2ኛ ቀን። ታላቁ ዮኮዙና ታይሆ በተከታታይ 45 ድል ይዞ ነበር፦ በመስከረም 1968 ከ2ኛው ቀን ጀምሮ 14፣ በኅዳር 15፣ በጥር 15፣ በመጋቢት የመጀመሪያው ቀን 1። ከቶዳ ጋር ገጠመ። ዳር ላይ ጊዮጂው ድሉን ለታይሆ ሰጠ። ዳኞቹ ተቃወሙ፤ ገለበጡት፤ ቶዳ አሸነፈ ተባለ። በማግሥቱ በወጡ ፎቶዎች ግን የቶዳ እግር ቀድሞ መውጣቱ በግልጽ ታየ። ጊዮጂው ልክ ነበር፤ አምስቱ ዳኞች ተሳስተው 45ቱን ድል አቋረጡ። ከቀጣዩ የግንቦት ውድድር ጀምሮ የቪዲዮ ክፍል ሥራ ጀመረ።

ያ ታሪክ የሚያስተምረው ቪዲዮ ያስፈልጋል የሚለውን ብቻ አይደለም። ጊዮጂው አንዳንዴ ከአምስቱ የተሻለ ቦታ ላይ እንደሚቆምም ያሳያል።

አዲስ ተመልካች

ይቅርታ፣ መሠረታዊ ጥያቄ አለኝ። ዳኞቹ እርግጠኛ ካልሆኑ ለምን እንደገና አላጋጠሟቸውም? ሌላ ጊዜ ሲያደርጉት አይቻለሁ።

አራተኛው ወንበር

እንኳን ደህና መጣህ/ሽ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ሥርዓቱን ከመጀመሪያው ላስቀምጠው።

አምስት ዳኞች በመድረኩ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ ሁሉም የቀድሞ ተፋላሚዎች ናቸው፣ ጥቁር ባህላዊ ልብስ የለበሱት። ሰብሳቢው በሰሜን፣ አንድ በምሥራቅ፣ አንድ በምዕራብ፣ ሁለት በደቡብ። ከደቡቦቹ አንዱ፣ ከመድረኩ በላይ ካለው ጣሪያ በተንጠለጠለው ቀይ ዘርፍ ሥር ያለው፣ ሰዓት ይይዛል። ጊዮጂው ፍርዱን ከሰጠ በኋላ ከአምስቱ አንዱ ከተጠራጠረ እጁን ያነሣል። ይህ ሞኖኢ ነው። አምስቱ ወደ መድረኩ ወጥተው መሃል ላይ ይሰበሰባሉ። ሰብሳቢው በጆሮው ማዳመጫ ከቪዲዮ ክፍሉ ይሰማል። ጊዮጂው ያየውን መናገር ይችላል፤ ድምፅ ግን የለውም። በድምፅ ብልጫ ይወሰናል።

ውጤቱ ከሦስቱ አንዱ ነው። ጉንባይዶሪ፦ የጊዮጂው ፍርድ ጸና። ሳሺቺጋኤ፦ ፍርዱ ተገለበጠ። ቶሪናኦሺ፦ ሁለቱም እኩል ወድቀዋል ወይም እኩል ወጥተዋል፣ እንደገና ይጋጠሙ።

ቶሪናኦሺ በሕጉ የተቀመጠው ለእኩልነት ነው። ሁለት ሰው አንድ ላይ ሲወድቅ «እኩል» የሚባል ነገር አለ። የቶቺኖሺን ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ተረከዙ አሸዋውን ነክቷል ወይም አልነካም። መሃል የለውም። ከነካ በዚያች ቅጽበት ግጥሚያው አብቅቷል፤ አሳኖያማ በኋላ መውደቁ ምንም ለውጥ አያመጣም። ካልነካ ቶቺኖሺን አሸንፏል። ዳኞቹ እንደገና ያጋጥሙ ማለት ሕጉን ለመሸሽ ካልሆነ በቀር ቦታ አልነበረውም።

የእንጦጦ ንፋስ

«ሕጉን ለመሸሽ» ባልከው ላይ አልስማማም። በተግባር ቶሪናኦሺ የጥርጣሬ መውጫ ሆኖ ብዙ ጊዜ አገልግሏል። ሐምሌ 2004፣ ናጎያ፣ 8ኛ ቀን፣ ዮኮዙናው አሳሾርዩ ከኮቶኖዋካ ጋር። ኮቶኖዋካ ከላይ በያዘው መታጠቂያ ወረወረው። አሳሾርዩ ጀርባው ወደ መሬት ዞሮ፣ በድልድይ ቅርጽ ተቀልብሶ፣ የተጋጣሚውን መታጠቂያ ሳይለቅ ተንጠለጠለ። ኮቶኖዋካ ላዩ ላይ ላለመውደቅ እጁን ቀድሞ አሳረፈ። ጊዮጂው ለኮቶኖዋካ ሰጠ። ተቃውሞ ተነሣ፣ እንደገና ይጋጠሙ ተባለ፣ በሁለተኛው አሳሾርዩ አሸነፈ።

እኩል ነበሩ? የአሳሾርዩ ሰውነት መመለሻ አልነበረውም፣ የኮቶኖዋካ እጅ ግን ቀድሞ መሬት ነክቷል። አንዱን ብትመርጥ ሌላውን ታጣለህ፤ ዳኞቹ ከመምረጥ እንደገና ማጋጠምን መረጡ። እኔ በበኩሌ ያ ግጥሚያ የኮቶኖዋካ ነበር እላለሁ፤ ምክንያቱን ስለ «የሞተ አካል» የሚያውቅ ሰው ቢያብራራልን።

ሁለት ዘርፍ

ላብራራው።

ሺኒታይ፣ ቃል በቃል የሞተ አካል፣ ማለት ሚዛኑ ከመመለሻው ያለፈ ሰው ነው። ገና መሬት አልነካም፣ ግን መዋጋት አይችልም። ነባሩ መለኪያ እግር ላይ ነው፦ የእግር ጣቶቹ ወደ ላይ ከተነሡ፣ ተረከዙ ብቻ ከቀረና ግንዱ ወደ ኋላ ካዘነበለ አልቆለታል። ጣቶቹ አሁንም አሸዋውን ከጨበጡ ግን አሁንም ሕያው ነው።

ከዚህ የሚወለዱት ሁለት እጆች ናቸው። ካባይቴ፣ የጥበቃ እጅ፦ አጥቂው የሞተውን ሰው እንዳይደቁሰው ብሎ እጁን ቀድሞ መሬት ቢያሳርፍ አይሸነፍም። ጹኪቴ፦ ተጋጣሚው ገና ሕያው ሳለ እጁ መሬት ከነካ ግን ይሸነፋል። እንቅስቃሴው አንድ ዓይነት ነው። ፍርዱን የሚለውጠው ከታች ያለው ሰው ሁኔታ ነው።

የዚህ ክርክር ታላቁ ምሳሌ ጥር 1972፣ 8ኛ ቀን ነው፦ ዮኮዙናው ኪታኖፉጂ ከታካኖሃና፣ ከመጀመሪያው ታካኖሃና ጋር። ኪታኖፉጂ ላዩ ላይ ተጭኖ ሲወድቅ ታካኖሃና ወደ ኋላ ተቀልብሶ ቆየ፤ ያ ሰው ወገቡ እንደ ቀስት ይታጠፍ ነበር። የኪታኖፉጂ ቀኝ እጅ ቀድሞ አረፈ። ጊዮጂው፣ ይህን የማዕረግ ስም የያዘው 25ኛው ኪሙራ ሾኖስኬ፣ ድሉን ለታካኖሃና ሰጠ፤ ዳኞቹ የጥበቃ እጅ ነው ብለው ለኪታኖፉጂ ገለበጡት። ወገቡ እንደዚያ የሚታጠፍ ሰው መቼ ነው የሞተ አካል የሚባለው? ለሌላ ሰው መመለሻ የሌለው ማዕዘን ለእሱ የዕለት ተዕለት ቦታ ነበር። ሕጉ ግን ሰውን አይቶ አይለይም።

በዚህ መለኪያ የእንጦጦ ንፋስን እደግፋለሁ። በ2004 የአሳሾርዩ ሁለት እግሮች ከመሬት ተነቅለው ነበር። መታጠቂያ ላይ መንጠልጠል ሕያው አያደርግም፤ ክብደቱን የተሸከመለት ያው ተጋጣሚው ነበርና።

ተረከዝ

የጥበቃ እግርስ አለ?

ሁለት ዘርፍ

አለ፤ ኦኩሪያሺ ይባላል፣ የሸኚ እግር ልበለው። ተጋጣሚህን ከመሬት አንሥተህ ተሸክመህ ስታወጣው እግርህ ቀድሞ ቢወጣ አትሸነፍም፣ ወደፊት እየተራመድክ እስከሆነ ድረስ። ተሸክመህ ወደ ኋላ ብትወጣ ግን ሽንፈት ነው። ሳይሸከሙ በግፊት ግለት እግርን ቀድሞ ማውጣት ደግሞ ኢሳሚያሺ ነው፣ የቸኮለ እግር፤ እሱም ሽንፈት ነው። ከ82ቱ የማሸነፊያ ስልቶች ውጭ ከተመዘገቡት አምስት የራስ ሽንፈቶች አንዱ ነው።

ጃኖሜ

የእኔን ሁለተኛ ጥያቄ አትርሱብኝ። የጊዮጂው ፍርድ ምን ያህል ክብደት አለው?

ጨው በታኝ

ጊዮጂው የማይቀርለት ግዴታ አለበት፦ ወዲያው ለአንዱ ወገን መፍረድ። እኩል ናቸው ማለት አይችልም፣ አላየሁም ማለት አይችልም፣ ማመንታት አይችልም። ማራገቢያውን ወደ አንዱ ጀምሮ ወደ ሌላው ቢያዞር ራሱን የቻለ ነቀፋ ስም አለው፣ ማዋሺ ኡቺዋ። ስለዚህ ፍርዱ ሁልጊዜ በቅጽበት የተሰጠ የመጀመሪያ ሐሳብ ነው፤ ይህን ዳኞቹም ያውቁታል።

የሚከፍለው ዋጋ ግን ከባድ ነው። ሁለቱ የበላይ ጊዮጂዎች፣ ኪሙራ ሾኖስኬና ሺኪሞሪ ኢኖስኬ፣ ወገባቸው ላይ አጭር ጩቤ ይታጠቃሉ፤ ለተሳሳተ ፍርድ በሕይወታቸው ለመክፈል ዝግጁ መሆናቸውን ያሳያል። ዛሬ የበላይ ጊዮጂ ፍርዱ ሲገለበጥ ወደ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ሄዶ ከሥራ ለመሰናበት ይጠይቃል፤ አብዛኛውን ጊዜ ይቅር ይባላል።

አንድ ጊዮጂ ግን አልቀበልም ብሎ ነበር። መስከረም 1958፣ የመጀመሪያው ቀን፣ ቶቺኒሺኪ ከኪታኖናዳ ጋር። 19ኛው ሺኪሞሪ ኢኖስኬ፣ ረጅም ነጭ ጢም የነበራቸው ሽማግሌ፣ ለቶቺኒሺኪ ሰጡ። ዳኞቹ ገለበጡት። ኢኖስኬ መድረኩን በእጃቸው እየመቱ አየሁ፣ አልተሳሳትኩም ብለው ተሟገቱ። ታገዱ። ድምፅ የሌለው ዳኛ የሚሰጠው ምስክርነት እስከ የት እንደሚሄድ ያ ቀን ወሰነው።

አራተኛው ወንበር

የጃኖሜን ጥያቄ በቀጥታ ልመልስ፤ ዋናው ጉዳይ ይህ ነውና። በሌሎች ስፖርቶች «ግልጽ ማስረጃ ከሌለ የመጀመሪያው ውሳኔ ይጸናል» የሚል ሚዛን አለ። ሱሞ የሚያውቀው የድምፅ ብልጫን ነው። አምስት ሰው አይቶ ሦስቱ ወጥቷል ካሉ ወጥቷል። ቪዲዮው ረዳት እንጂ ዳኛ አይደለም፤ ቪዲዮ ክፍሉ አይታይም ቢል እንኳ ከተረከዙ ሁለት ሜትር ርቀት ላይ፣ ዓይኑ በአሸዋው ደረጃ የተቀመጠ ዳኛ አየሁ ካለ የሱ ምስክርነት ሚዛን ይደፋል። በሥርዓቱ ውስጥ ሆኜ ሳየው የ2019ን ውሳኔ ስሕተት ለማለት አልችልም።

የማይዋጥልኝ ማብራሪያው ነው። ሰብሳቢው በማይክሮፎን የሚናገረው ሦስት ነገር ነው፦ ጊዮጂው ለማን እንደፈረደ፣ ተቃውሞው ምን እንደነበረ፣ ውጤቱ። ማን እንዳየ፣ ከየትኛው ወገን እንዳየ፣ ቪዲዮው ምን እንዳሳየ አይነገርም። ከ6 ደቂቃ ምክክር በኋላ የወጣው ቃል ከ30 ሰከንድ ምክክር በኋላ ከሚወጣው አይለይም። ሕዝቡን ያስቆጣው ፍርዱ ብቻ አልነበረም።

ተረከዝ

እሺ፣ ይህን እቀበላለሁ። «ከምሥራቅ ወገን ያለው ዳኛ ተረከዙ ሲነካ አይቷል» ቢባል ኖሮ ቪዲዮዬን ዘግቼ እተኛ ነበር።

የማለዳ ስርጭት

ተቃውሞ ማንሣት የሚችለው ዳኛ ብቻ አይደለም። ተራቸውን ጠብቀው ከመድረኩ ሥር የተቀመጡት ተፋላሚዎችም እጃቸውን ማንሣት ይችላሉ፤ በምክክሩ ግን አይገቡም። የተሸነፈው ሰው ግን አይችልም።

ይህን የረሳው ዮኮዙናው ሃኩሆ ነው። ኅዳር 2017፣ ፉኩኦካ፣ 11ኛ ቀን፣ ከዮሺካዜ ጋር። በመጀመሪያው ግጭት የተሳሳተ አነሣስ ነው፣ ይደገማል ብሎ አካሉን አላላ። ጊዮጂው ግን አላስቆመም። ዮሺካዜ ገፍቶ አወጣው። ሃኩሆ ከመድረኩ ሥር እጁን አንሥቶ አንድ ደቂቃ ያህል ቆሞ ወደ ቦታው አልመለስም አለ። ማንም አልተነሣለትም፤ በኋላም ተገሠጸ። ውድድሩን በ14 ለ 1 ጨርሶ 40ኛ ዋንጫውን ወሰደ፤ ብቸኛዋ ሽንፈቱ ያቺ ነበረች።

ተግባራዊው ትምህርት ይህ ነው፦ አነሣሱ ተበላሽቷል ብሎ የሚፈርደው ጊዮጂውና ሰብሳቢው ናቸው፤ እስኪያስቆሙህ ድረስ ግፋ።

የእንጦጦ ንፋስ

ሃኩሆ ከዚያ በፊትም ከዳኞቹ ጋር ተጋጭቷል። ጥር 2015፣ 13ኛ ቀን፣ ከኪሴኖሳቶ ጋር፦ ጊዮጂው ለሃኩሆ ሰጥቶ ዳኞቹ እንደገና ይጋጠሙ አሉ። በሁለተኛው አሸነፈና የታይሆን 32 ዋንጫ ያለፈበትን 33ኛውን ወሰደ። ከውድድሩ ማግሥት በጋዜጣዊ መግለጫ ዳኞቹን ተችቶ ብዙ ወቀሳ ወረደበት። ዮኮዙና ፍርድን በአደባባይ አይከራከርም፤ ነባሩ ልማድ ይህ ነው፣ እኔም ትክክል ይመስለኛል።

አዲስ ተመልካች

መታጠቂያው ቢፈታስ?

ሁለት ዘርፍ

ከላላ ጊዮጂው ሁለቱንም ጀርባቸውን መታ አድርጎ ያስቆማል፤ እንደተያያዙ ይቆማሉ፣ እሱ ከኋላ ያጠብቀዋል፣ ከዚያ ይቀጥላሉ። ፊት ለፊት ያለው ክፍል ወድቆ ኀፍረተ ሥጋ ከታየ ግን ወዲያው ሽንፈት ነው።

አደጋው አንዱ ማስቆሚያውን ሰምቶ ሌላው ካልሰማ ነው። ሐምሌ 2022፣ 8ኛ ቀን፣ ቴሩኖፉጂ ከዋካሞቶሃሩ ጋር፦ የዋካሞቶሃሩ መታጠቂያ ላላ፣ ጊዮጂው አስቆመ፣ ቴሩኖፉጂ ቆመ፣ ዋካሞቶሃሩ ግን ገፍቶ አወጣው። ዳኞቹ ረጅም ጊዜ መክረው ከቆመበት ይቀጥል አሉ። ከባዱ ሥራ ቦታውን መመለስ ነበር፦ የማን እጅ ከውስጥ፣ የማን ከውጭ፣ ግንባር የት፣ እግር የት። አንድ ጣት ያህል የተለየ አያያዝ ግጥሚያውን ይለውጠዋል። ተስተካከሉ፣ ቀጠሉ፣ ቴሩኖፉጂ አሸነፈ። እዚያ ላይ ዳኞቹን ማመስገን ይገባል፤ መግፋቱን እንደ ድል ቢቆጥሩት ጊዮጂውን የታዘዘ ሰው በመታዘዙ ይቀጣ ነበር።

የማለዳ ስርጭት

ስለ ቁንጮ መጎተትም አንድ ነገር ልጨምር፤ በየውድድሩ ይነሣልና። ከተከለከሉት ድርጊቶች አንዱ ሆን ብሎ ቁንጮ መያዝ ነው፤ ከጡጫ፣ ጉሮሮ ከማነቅ፣ ሁለቱን ጆሮ አንድ ላይ በጥፊ ከመምታት፣ አንድ ወይም ሁለት ጣት ወደ ኋላ ከማጠፍ ጋር ተደርድሯል። ዮኮዙና በዚህ የተሸነፈው የመጀመሪያው ሰው አሳሾርዩ ነው፣ ሐምሌ 2003፣ 5ኛ ቀን፣ ከኪዮኩሹዛን ጋር።

ዳኛ ልብን ማየት አይችልም፤ የሚያየው እጅን ነው። ራስን ወደ ታች መምታትና መጎተት የተፈቀደ ስልት ስለሆነ ጣቶች ሳያስቡት ቁንጮ ውስጥ ይገባሉ። የሚጠየቀው ጣቶቹ ገብተው ቁንጮውን ይዘው ጎትተዋል ወይ ነው። ነክተው ካለፉ ምንም አይደለም። ቪዲዮ ሲታይ የተመታውን ራስ አትዩ፤ ቁንጮውን ዩት። ራሱ ከመውረዱ በፊት ቁንጮው ወደ አንድ ወገን ከተወጠረ እጁ ይዟል።

ጨው በታኝ

ስለ ቪዲዮ አስተያየት ከተነሣ ቤት ሆኖ ለሚፈርድ ሰው የሚጠቅም ስሌት አለ። በሰከንድ 30 ምስል በሚያሳይ ቅጂ ከአንዱ ምስል እስከ ቀጣዩ 33 ሚሊ ሰከንድ ነው። ከአንድ ሜትር ከፍታ የወደቀ እጅ መሬት ሊነካ ሲል በሰከንድ 4.4 ሜትር ያህል ይፈጥናል። በ33 ሚሊ ሰከንድ ወደ 15 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል ማለት ነው። በአንዱ ምስል የሁለቱም እጅ አየር ላይ፣ በቀጣዩ የሁለቱም መሬት ላይ ከሆነ ማን ቀደመ የሚለውን ያ ቅጂ ሊነግርህ አይችልም። በሰከንድ 60 ምስል ያለውን ፈልጉ፤ ክፍተቱ በግማሽ ይቀንሳል።

የተረከዝ ጉዳይ ደግሞ የተለየ አስተያየት ይፈልጋል። መጀመሪያ በሙሉ ፍጥነት ሦስት ጊዜ እዩት፣ ዓይናችሁን ከጠርዙ ሳታነሡ፤ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው የላይኛውን ትግል ስለሚከተል ነው። ከዚያ በዝግታ። ከዚያ ከወዲያኛው ወገን ያለውን ካሜራ። ከዚያ በኋላ፣ ይህን ብዙዎች ይረሱታል፣ ዳኞቹ ሲወጡ ወዴት እንደሚያዩ እዩ። ወደ አንድ የአሸዋ ቦታ ጎንበስ የሚል ዳኛ ካለ እዚያ ያየው ነገር አለ።

ማኩኡቺ፣ ማለትም ከፍተኛው ምድብ፣ በኢትዮጵያ ሰዓት ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ ጀምሮ 6 ሰዓት ላይ ያበቃል። ማታ የሚመጣው አጭር ቅጂ ላይ ምክክሩ አብዛኛውን ጊዜ ተቆርጦ ይወጣል፤ ፍርድ ልታዩ ከፈለጋችሁ ሙሉውን ስርጭት ያዙ።

ጃኖሜ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከአራተኛው ወንበር ጋር እዚህ ላይ ተገናኝተናል፦ ፍርዱ በሥርዓቱ ትክክል ነው፣ ማብራሪያው ግን ጎደሎ ነው። ልዩነቴ በአንድ ነገር ነው። ሁለት ሰው ሲወድቅ በድምፅ ብልጫ መወሰን ያስኬዳል፤ ሁሉም ዳኛ ከየወገኑ አንድ ነገር አይቷልና። የተረከዝ ጥያቄ ሲሆን ግን አራቱ ዳኞች ምንም አላዩም፤ በአካል ተከልሎባቸዋል። አይቻለሁ የሚለው ዳኛ አንድ ሆኖ ጊዮጂው ደግሞ ወደዚያው ጠርዝ ቅርብ ከነበረ፣ የእሱም ምስክርነት ከዚያ ዳኛ እኩል መመዘን ነበረበት። ታይሆን አስታውሱ።

በማግሥቱ የሆነውንም እንጨምር። ቶቺኖሺን በ14ኛው ቀን ካኩርዩን አሸንፎ 10ኛ ድሉን አገኘ፤ ወደ ኦዜኪነት ተመለሰ። ያው ድል ካኩርዩን 10 ለ 4 አደረገው፤ አሳኖያማም ጎኤይዶን አሸንፎ 12 ለ 2 ስለነበር ዋንጫው በዚያው ምሽት የአሳኖያማ ሆነ። በተረከዙ ምክንያት ድል ያጣው ሰው ለነጠቀው ሰው ዋንጫውን አጸናለት።

አዲስ ተመልካች

የመጨረሻ ጥያቄ። ከመታጠቂያው ፊት የሚንጠለጠሉት ክሮች አሸዋውን ቢነኩስ?

አራተኛው ወንበር

ሳጋሪ ይባላሉ። መሬት ቢነኩ ሽንፈት አይደለም፤ ከልብስ ይቆጠራሉ። ቁንጮ ግን መሬት ከነካ ሽንፈት ነው፤ ጸጉር ከአካል ይቆጠራልና። ለዚህ ነው ፊት ለፊት አብረው በሚወድቁበት ጊዜ ዳኞቹ የራስ ቅሉን ሳይሆን የቁንጮውን ጫፍ የሚፈልጉት።